ልጅዎ «ሥራ አገኘሁ» ሲልዎ፦ እሺ ከማለትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዘመድ ልጠይቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄጄ ነበር። ሰልፉ ገና ሳይንቀሳቀስ የበሩ አካባቢ ደርቷል። ጠያቂው ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሮ፣ መታወቂያውን በእጁ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። በመሃል በመሃሉ ልጆች ይሽሎከለካሉ። አንዱ ሶፍትና ማስቲካ ያዞራል፤ አንዱ የሊስትሮ ሳጥኑን በብሩሹ ያንኳኳል፤ አንዱ የሰውነት ሚዛን ፊቱ አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። «ማዘር፣ ስልክዎን ልያዝልዎ? ይዘው አይገቡም» አለኝ ሌላው። ድምፁ ገና አልጎረነነም፤ ሰባተኛ ክፍል ነኝ አለኝ። አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ለባለሱቁ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። ቁጥር የተጻፈባቸው ጥንድ ጥንድ የካርቶን ቁራጮች አሉት፤ አንዱን ለባለስልኩ ይሰጣል፣ ጥንዱን ከስልኩ ጋር በላስቲክ ያስራል።

«አንዱ ስልክ ቢጠፋስ?» አልኩት።

«እኔ እከፍላለሁ» አለ፤ ሌላ መልስ ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ አይመስልም።

እስቲ ያስቡት። እስከ ከሰዓት ድረስ በዚያ ልጅ እጅ የሚያልፉት ስልኮች ዋጋቸው ቢደመር ልጁ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ከሚያገኘው ይበልጣል። ባለሱቁ የቀጠረው ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ኪሳራውንም አሸክሞታል።

ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የእርስዎም ልጅ «ሥራ አገኘሁ» ብሎ ይመጣ ይሆናል። ደስ ይበልዎ፤ ሥራ የሚወድ ልጅ ማን ይጠላል? ነገር ግን «ስንት ይከፍሉሃል?» ከማለትዎ በፊት «ጥፋት ሲመጣ ማን ነው የሚከፍለው?» ብለው ይጠይቁት። ቀጣሪው ይህን በራሱ አፍ አይነግርዎትም።

መጀመሪያ ዕድሜውን

• ልጅዎ በልደት ምስክር ወረቀቱ ስንት ዓመቱ ነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። በቀድሞው አዋጅ 14 ዓመት ይበቃ ስለነበር፣ ዛሬም «14 ከሞላው ችግር የለውም» የሚል ቀጣሪ ያጋጥምዎታል። ልብ ይበሉ፦ «ዕድሜውን 15 ብለን እንመዘግበዋለን» ካሉዎ፣ ውሸቱን የጀመሩት በእርስዎ ልጅ ስም ነው። ነገ ጉዳት ቢደርስ «ዕድሜውን ያሳሳተን እሱ ነው» ይላሉ።

• 15 ሞልቶት 18 ካልሞላው በቀን ስንት ሰዓት ሊያሠሩት ነው? ሕጉ እንዲህ ያለውን ልጅ «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም፣ በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓላት ማሠራትም ክልክል ነው። ልብ ይበሉ፦ «እስክንዘጋ ድረስ ነው» የሚል መልስ ሰዓት አይደለም። ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት? በበዓል ሰሞንስ?

• ሥራው ምን ዓይነት ነው? በአዋጁ ለወጣት ሠራተኛ አደገኛ ተብለው ከተጠቀሱት መካከል ሰውና ዕቃ ማጓጓዝ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና መግፋት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ፣ የድንጋይ ካባና የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ሥራ ይገኙበታል። የታክሲ ረዳትነትና ጫኝ አውራጅነት የት እንደሚወድቁ እርስዎ ይፍረዱ።

ከ15 በታች ላለ ልጅ ታዲያ ምን ቀረ? አዋጁ የሚናገረው ስለ ቅጥር ነው። ቤት ውስጥ ማገዝ፣ በእርስዎ ዓይን ሥር የራሱን ትንሽ ነገር ሠርቶ መሸጥ፣ ለጎረቤት ልጆች ማስጠናት፣ በጎ ፈቃድ፤ እነዚህ አሉ። አራተኛ ክፍል ያለ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ የሚያስጠና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም የተሻለ ሥራ አግኝቷል። ቤቱ ቅርብ ነው፣ የሚሰበር ነገር የለም፣ የራሱንም ትምህርት ይከልስበታል። ብቻ የሚያስጠናው ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ አዋቂ ባለበት ይሁን።

ገንዘቡን በወረቀት ላይ ያስሉት

• የተባለው ገንዘብ ሳይሆን ኪሱ የሚገባው ስንት ነው? እንበል በቀን 200 ብር ተባለ። ቤትዎ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ሥራው ቃሊቲ። ለታክሲ ደርሶ መልስ 40፣ ምሳ 80፣ ውኃና ሻይ 30 ቢወጣ የቀረው 50 ብር ነው። ጫማው በሁለት ወር ካለቀ ደግሞ ያቺም የለችም። ልብ ይበሉ፦ «ምሳ በእኛ ነው» ቢሉዎ ምን እንደሚበላና የት ተቀምጦ እንደሚበላ ይጠይቁ።

• «አንድ ሳምንት በነፃ እንየው» ብለዋል? የሙከራ ጊዜ ማለት በነፃ መሥራት ማለት አይደለም። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ ይከፈልበታልም። ልብ ይበሉ፦ በየሳምንቱ አዲስ ልጅ «እያዩ» የሚሸኙ ቤቶች አሉ። ከልጅዎ በፊት የነበረው ልጅ ለምን እንደወጣ ይጠይቁ፤ ከዚያ በፊት ስለነበረውም ይጠይቁ።

• የጎደለና የተሰበረ ከማን ላይ ይቆረጣል? የእህቴ ልጅ አንድ ክረምት ሱቅ ገባ፤ የሱቁን ስም ልተወው። ወሩ ሲያልቅ ባለቤቱ ደብተር አወጣ፦ ሁለት ዘይት ጎድሏል፣ አንድ ካርቶን ብስኩት ረጥቧል፣ ለአንድ ደንበኛ መልስ ተሳስቷል። ተደምሮ ሲቀነስ ልጁ ባለዕዳ ሆኖ ወጣ። ዘይቱን ከመደርደሪያው ላይ ማን እንዳነሳው የሚያውቅ የለም፤ ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ይሠራ ነበር። ሕጉ አሠሪ ያለ ሕግ ድጋፍ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ የሚቆረጠውም ቢሆን ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ልብ ይበሉ፦ ልጁ ዕቃ ቆጥሮ ካልተረከበ «ጎደለ» የሚባለውን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። መጀመሪያ ቀን አብረውት ሄደው ያስቆጥሩ። ቀጣሪው ፊቱን ካጠቆረ መልስዎን አግኝተዋል።

• ደመወዙ ለማን፣ በምን ይከፈላል? ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ «በስልክ እንልክለታለን» ማለት ቀሏል። በማን ስልክ? በደላላ ከሆነ ገንዘቡ ገና መንገድ ላይ ይቀነሳል።

• ሥራ ከመጀመሩ በፊት ገንዘብ ጠይቀዋል? ለመመዝገቢያ፣ ለመያዣ፣ ለዩኒፎርም፣ «ለሥልጠና» እያሉ? ይህንስ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከፍሎ የሚገባበት ሥራ ለልጅ ሥራ አይደለም፤ ይለፈው።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ፦ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ «ከዚህ ብር በታች አይከፈልም» የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ «በሕጉ መሠረት ነው የምንከፍለው» የሚል ቀጣሪ ስለ መጠኑ ምንም አልነገረዎትም። በሰፈሩ ለተመሳሳይ ሥራ ለአዋቂ ስንት እንደሚከፈል ያጣሩ። «ልጅ ስለሆነ» ተብሎ ግማሹ ከተባለ፣ ሥራውም ግማሽ ነው ወይ?

ማረሚያ ቤት በር ላይ ላለው ሥራ

ታሪኩን ለማያውቁት፦ ድሮ ጠያቂ ስንቅ ይዞ የሚሰለፈው ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ የሚባለው በር ላይ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ያ ተዘግቶ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ሲዛወሩ የስንቁም መንገድ ወደ ደቡብ ዞረ። የድሮው ቦታ ላይ ዛሬ በጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ስንቅ ያለበት ደግሞ ጠያቂ አለ፣ ጠያቂ ያለበት ገበያ አለ፣ ገበያ ያለበት ልጅ አይጠፋም። ቃሊቲም ሆነ ቂሊንጦ፣ እንዲህ ያለ በር ለሰፈሩ ልጅ የቅርብ ሥራ ነው። ወላጅም «ፖሊስ ያለበት ቦታ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብሎ ይዘናጋል። እኔ ግን ከሌላው ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው።

• ሰው ዕቃ «አድርስልኝ» ይለዋል? በሩ ላይ የሚቆም ልጅ ፊቱ ይለመዳል፤ ፊቱ የተለመደ ልጅ ደግሞ ይፈለጋል። «ይቺን ምሳ ዕቃ ለእገሌ ጠያቂ ስጥልኝ፣ እኔ ተራው አልፎኛል»፣ «ይቺን ሳሙና በስንቁ ጨምርልኝ»፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ትንሽ ነው፣ ክፍያው ግን ለትንሽ ነገር የሚበዛ ነው። ምልክቱም እሱ ነው። ሳሙናው ውስጥ ሲም ካርድ፣ ዳቦው ውስጥ ሐሺሽ ቢገኝ በፍተሻው የሚያዘው ዕቃውን በእጁ የያዘው ነው፤ ላኪው እስከዚያ ታክሲ ውስጥ ገብቷል።

• ልጅዎ በሕግ ፊት ምን ያህል «ልጅ» እንደሆነ ያውቃሉ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ ሁኔታ ይታያል። 15 ካለፈው በኋላ ግን፣ 18 ባይሞላውም፣ በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ዕድሜው ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ ከተጠያቂነት አያድነውም። ልብ ይበሉ፦ «አላውቅም፣ ሰው ነው የሰጠኝ» የሚለውን መልስ ፈታሹ ስንት ጊዜ የሰማው ይመስልዎታል? ለልጅዎ አንድ ደንብ ይስጡት፦ ራሱ ያልገዛውን፣ ራሱ ያልቋጠረውን ዕቃ ለማንም አያደርስም። ለሚያውቀው ሰውም ቢሆን።

• ስልክ ወይም ቦርሳ ሊያስይዙት ነው? ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዕቃው የሚቀመጠው የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ አንገቱ ላይ? ስልክ ሲረከብ ስክሪኑ የተሰነጠቀ መሆኑን የሚጽፍበት ወረቀት አለ? የጠፋውን ባለሱቁ እንደሚከፍል በጽሑፍ ይፈርማል? ካልፈረመ ልጅዎ በቀን መቶና ሁለት መቶ ብር የሰው ንብረት ዋስ ሆኗል ማለት ነው። በነፃ ዋስ የሚሆን አዋቂ አይተው ያውቃሉ?

• ተራ ሊይዝ ነው? ሰልፍ ላይ ቆሞ ቦታ የሚይዝ ልጅ ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት አለበት። ገንዘቡ ቀላል ይመስላል፤ ግን በጨለማ የሚሄድበት መንገድ የትኛው ነው? ቃሊቲ የከባድ መኪና አገር ነው፤ ወደ ጉምሩክ የሚገባውና የሚወጣው ተሳቢ መንገዱን ይዞ ነው የሚያድረው። ልጁ ሲደርስ የሚደውልልዎት በማን ስልክ ነው?

• ሊስትሮ፣ ሚዛን ወይም ሱቅ በደረቴ ከሆነ መነሻው የማን ነው? እነዚህ ሥራዎች አንድ መልካም ነገር አላቸው፦ ዕቃው የራሱ ከሆነ አለቃ የለበትም። ችግሩ ዕቃውን ሌላ ሰው ሰጥቶት «በየቀኑ ይህን ያህል አስገባ» ካለው ነው። ዝናብ ዘንቦ ሰው ባይቆም፣ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሳጥኑን ቢወስደው የዕለቱ ገቢ አይቀርለትም፤ ነገ በእጥፍ ያመጣል። ልብ ይበሉ፦ በዚያ ቦታ ላይ መነገድ የተፈቀደ መሆኑን ልጁን ሳይሆን ወረዳውን ይጠይቁ። ተወርሶ የሄደ ዕቃ ለማስመለስ የሚባክነውን ቀን ማንም አይከፍለውም።

• ምን እየሰማ ነው የሚውለው? ይህ የሚቆጠር ወጪ አይደለም፤ ግን ወጪ ነው። በዚያ በር ላይ የሚያለቅስ እናት አለች፣ ፍርድ የሚተነትን ወንድም አለ፣ ከመታሰሩ በፊት ስለነበረው ገንዘብ የሚያወራ ጓደኛ አለ። አባቱ ወይም ወንድሙ ውስጥ ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ ሥራ ፍለጋ ነው የሚሄደው ወይስ አጥሩን ለማየት? ይህን ለማወቅ ጥያቄ አይበቃም፤ አንድ ቅዳሜ አብረውት ይቁሙ።

ጋራዥ፣ ላቫጆ፣ ታክሲ

• ጋራዥ፦ «ሙያ ይማራል» ይሉዎታል። ምን ይማራል፣ ማን ያስተምረዋል፣ በስንት ወር? ሦስት ወር ሙሉ ብሎን በናፍጣ ሲያጥብ ከቆየ የተማረው እጥበት ነው። ሙያ እንዲይዝ ከፈለጉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትን መግቢያ አስቀድመው ያጣሩ፤ የጋራዡን ነገር ለአሠሪው ምቾት ብለው አይቸኩሉበት።

• ላቫጆ፦ ቦቲ ጫማ ይሰጡታል? በክረምት እርጥብ እግር ይዞ የሚውል ልጅ ለመድኃኒት የሚያወጣው ከጉርሻው ይበልጣል። የሚታጠበው በወንዝ ውኃ ከሆነ ይተውት፤ የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክረምት ላይም ይሞላል።

• ታክሲ፦ አይሆንም።

• ለሁሉም፦ ቢጎዳ የሚወስደው ማን ነው፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ? በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን የሚሸፍነው በአዋጁ አሠሪው ነው። ግን የተፈረመ ወረቀት ከሌለ «እዚህ አይሠራም፣ ሊጠይቀን የመጣ ልጅ ነው» ማለት ይቀላል። አንዲት ገጽ ውል፣ ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ ሰዓትና ደመወዝ ያለበት፣ ትልቅ ነገር ናት። ክርክር ከተነሳ የክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሚጠይቅዎት መጀመሪያ እሷን ነው።

ደላላ ሲመጣ

መናኸሪያ ባለበት ደላላ አለ፤ ቃሊቲም ከዚህ አያመልጥም። በተለይ ለሴት ልጅ የሚመጣው ሥራ ብዙ ጊዜ የሰው ቤት ነው።

• አሠሪዋን በአካል አይተዋል? ቤቱንስ? አዋጁ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ በደንብ እንዲወሰን ትቶታል፤ ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኩልዎት የሰዓትና የዕረፍት ገደብ እዚያ ቤት ውስጥ አጥር አይሆንላትም። አዳሪ ከሆነች ሥራው መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያልቃል? የምትተኛው የት ነው? ክፍሉ ከውስጥ ይቆለፋል?

• ደላላው ከማን ነው የሚቀበለው? ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ደላላ ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ቤት ብትቀይር ይጠቅመዋል።

• የአረብ አገር ነገር ተነስቷል? 18 ያልሞላት ልጅ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የምትሄድበት በር የለም። «ዕድሜዋን እናስተካክላለን» ካለዎት ሰውዬው የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው በመነገድ ስለሚቀጣበት ሥራ ነው። ሻይ እንኳ አይጋብዙት።

በስልክ የሚመጣ «ሥራ»

በ2016 ክረምት ሃምስተር ኮምባት የሚባለውን ጨዋታ ያልነካ ታዳጊ ማግኘት ከባድ ነበር። ታክሲ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ምግብ ላይ ሳይቀር ጣቱ ስክሪን ይደበድባል። «ሥራ ነው እኮ!» ይላል። መስከረም 16 ቀን 2017 ጨዋታው ቃል የገባው ዲጂታል ሳንቲም ሲከፋፈል ብዙ ሰው የደረሰው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ነበር። የጠፋው ዳታ፣ ባትሪና የክረምት ንባብ ግን የተቆጠረ ወጪ ነው።

• የሚከፍለው ማን ነው፣ ከምን አግኝቶ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻለ፣ ክፍያው ከሚቀጥለው ተመዝጋቢ ኪስ ነው የሚመጣው። «ጓደኛ ጋብዝ» የሚል ነገር ካለበት ደግሞ ልጅዎ የሚሸጠው ጓደኞቹን ነው።

• የእርስዎን መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ ጠይቀዋል? «ገንዘብ በሒሳብህ ይግባ፣ ትንሽ ቀንሰህ ላክልን» የሚል ሥራ ሲመጣ፣ ገንዘቡ የተሰረቀ ቢሆን ፖሊስ የሚፈልገው የሒሳቡን ባለቤት ነው። ከማረሚያ ቤቱ በር የሳሙና ታሪክ ጋር አንድ ነው፤ ሳሙናው ብቻ የለም።

• ልጅዎ ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ክፍያውን እንዴት ያረጋግጣል? የተላከ የሚመስል መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ደንበኛ አለ። ደንቡ አጭር ነው፦ በራሱ ስልክ ላይ ካልገባ አልተከፈለም። ደንበኛው ቢቆጣም።

በጎ ፈቃድ ነው ሲሉዎት

በነፃ የሚሠራ ስለሆነ ማጭበርበር የሌለበት ይመስላል። አይሳሳቱ፤ ነፃ ጉልበት የሚወድ ብዙ ነው። ቢሆንም መልካም በሮች አሉ። በየክረምቱ በወረዳው በኩል የሚካሄደው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ዕድሳት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ በትምህርት ቤት በር የሚቆሙ የተማሪ ትራፊኮች አሉ። በ1927 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ይህ ዕድሜ ልክ የሚጠቅም ነገር ነው። አያት አካባቢ ያለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ መቄዶንያም በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል።

• ድርጅቱ የተመዘገበ ነው? በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመዘገብ ማኅበር የምስክር ወረቀት አለው። «አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም።

• ልጁ ገንዘብ ሊሰበስብ ነው? ሣጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ታክሲ ለታክሲ የሚዞር ልጅ የሰው ገንዘብ ያዘ ማለት ነው። ሣጥኑ የታሸገ ነው? ማን ይከፍተዋል? የጎደለ ቢባልስ? ያው የስልኩ ጥያቄ ነው። በበዓል ሰሞን ለታራሚዎች ሳሙናና መጽሐፍ የሚያሰባስቡ ቡድኖች አሉ፤ ሐሳቡ ደግ ነው። ልጁ ዕቃ ይሰብስብ፣ ገንዘብ አይንካ። ዕቃውንም ለማረሚያ ቤቱ የሚያስረክበው በደብዳቤ፣ በአዋቂ ኃላፊ እንጂ በልጁ እጅ አይሁን።

• ቀኑ ካሜራ ያለበት ብቻ ነው? መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ያለው ሐምሌ 22 ቀን 2011 ነበር። እኔ የልጆቹን ድካም አላጣጥልም። ግን ችግኝ በኅዳርም ይጠማል። ለልጅዎ የሚመርጡለት ቡድን በኅዳር ተመልሶ ውኃ የሚያጠጣውን ይሁን። ቲሸርት ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ በሁለተኛው ሰዓት የሚበተን ቡድን ልጁን የሚያስተምረው ፎቶ መነሳት ነው።

• ትራንስፖርትና ምሳስ? በነፃ የሚሠራ ልጅ ከእርስዎ ኪስ እየከፈለ እንዳይሠራ።

ገንዘቡ እጁ ሲገባ

• የት ሊያስቀምጠው ነው? ባንኮች ለታዳጊ በወላጅ ወይም በአሳዳጊ አማካይነት የሚከፈት የቁጠባ ሒሳብ አላቸው። ልብ ይበሉ፦ በየቀኑ የሚከፈል ልጅ በየቀኑ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ያልፋል። በሳምንት እንዲከፈለው ቢጠይቁ አንድ ፈተና ቀነሱለት፤ ነገር ግን ከሳምንት በላይ አያሳድሩበት፣ የሚያመልጥ ቀጣሪ አለና።

• እርስዎስ ከገንዘቡ ምን ያህል ሊወስዱ ነው? ይህን አስቀድመው ይንገሩት። ቤት የሚያግዝ ልጅ ክቡር ነው፤ ሳይነገረው የተወሰደበት ልጅ ግን የሚቀጥለውን ወር ደመወዙን ቀንሶ ይነግርዎታል።

• መስከረም ላይ ማቆም ይችላል? ቀጣሪው «ለትምህርት ማታ ይገባል» ካለዎት፣ ወይም ዕዳ አለበት ካለዎት፣ ውሉ ላይ የማብቂያ ቀን ያልተጻፈው ለዚህ ነበር ማለት ነው። ጳጉሜን ሳይገባ ይጨርስ።

ያን ቅዳሜ ዘመዴን ጠይቄ ስወጣ ካርቶኔን ለልጁ ሰጠሁት። ስልክ አምጥቶ ሰጠኝ፤ የኔ አይደለም። ደነገጠ። ቦርሳውን መሬት ላይ ዘርግፎ መፈለግ ጀመረ፤ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፣ አንዲት ሴትዮ «ሌባ ነው እንዴ?» አለች። ስልኬ አልጠፋም። የኔ ካርቶን 6 ነው፤ የሰጠኝ ስልክ 9። ካርቶኑ ሲገለበጥ ሁለቱ አንድ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ከ6 ሥር መስመር አስምርበት» አልኩት።

«ቁጥሩን የሚጽፈው እኮ ባለሱቁ ነው» አለኝ።